የቦታ ገድል፤ በባሌ ደጋ ስላሉ ቅዱሳት ሥፍራዎች ጉዞና ስለ ትውፊቶቻቸው

ከሮቤና ከጎባ ከተሞች በላይ የሚነሣው የባሌ ደጋ በሁለት የጉዞ አቅጣጫዎች መካከል የቆመ ጣራ ነው። ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ ከጎባ ወጥቶ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሳነቴን አምባ ያቋርጥና፣ 4,377 ሜትር በሚደርሰው በቱሉ ዲምቱ ተራራ ግርጌ አልፎ፣ በዱር ቡናውና በማሩ ወደ ታወቀው ወደ ሃረና ጫካ ይወርዳል። ከጫካው በታች የደሎ መና ቆላ አለ፤ ከዚያም ራቅ ብሎ መደ ወላቡ። ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚሄደው ሁለተኛው መንገድ ደግሞ ከሮቤ በጎሮ በኩል ወደ ሶፍ ዑመር ዋሻ፣ ከዚያም በጊኒር አድርጎ በዋቤ ሸበሌ ተፋሰስ ቆላ ወደሚገኘው ወደ ድሬ ሼኽ ሑሴን ያደርሳል።

እነዚህ ሁለት አቅጣጫዎች የሁለት ንግደቶች አቅጣጫ ናቸው። በደቡቡ ወገን የኦሮሞ ሕዝብ መልክተኞች ከሩቅ አገር ተነሥተው አባ ሙዳ ወደሚባለው የሃይማኖት አባት ይሄዱ ነበር፤ ይህ ጉዞ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ተቋርጧል። በሰሜን ምሥራቁ ወገን ግን የሼኽ ሑሴን ተሳላሚዎች ዛሬም ይጓዛሉ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በሁለቱም ወገን ብዙ ትውፊት ይነገራል። ሊቃውንት ይህን ትውፊት እስካሁን ሲመረምሩ የቆዩት በሁለት መንገድ ነው። አንደኞቹ በውስጡ የዘመን ቍጥርና የትውልድ ሐረግ ይፈልጋሉ፤ ያገኙትን ወስደው የቀረውን እንደ ገለባ ይተዉታል። ሁለተኞቹ ለውበቱ ብቻ ሰብስበው፣ ከተነገረበት ሥፍራ ነቅለው፣ በመጽሐፍ ያኖሩታል። በሁለቱም ዘንድ አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ ይቀራል፤ ይኸውም ትውፊቱ በዚያ በሥፍራው ላይ፣ ለዚያ ለተሳላሚው፣ ምን ሥራ ይሠራለታል? የሚለው ነው። ከዚህ በታች እንደሚታየው፣ የቅዱስ ሥፍራ ትውፊት ከሁሉ አስቀድሞ የጉዞ ሥርዓት ነው። የት መቆም፣ ምን መያዝ፣ ማንን አስቀድሞ መሳለም እንደሚገባ የሚያዝዘው እርሱ ነው።

ከደቡብ ሕንድ የሚገኝ ትምህርት

ይህን ነገር ግልጽ አድርጎ ለማየት የደቡብ ሕንድን የሂንዱ ቤተ መቅደሶች ማስተያየት ይጠቅማል። በታሚል አገር ታላላቅ ቤተ መቅደሶች ለየራሳቸው ገድል አላቸው። የዚህ ዓይነቱ ገድል «ስትላፑራና» ይባላል፤ ትርጓሜውም የቦታ ጥንታዊ ታሪክ ማለት ነው። የሰው ገድል ሰውየው እንዴት ቅዱስ እንደ ሆነ ይናገራል፤ የቦታ ገድል ግን ይህ አፈርና ይህ ውሃ ለምን እንደ ተቀደሰ ይናገራል። ዴቪድ ሹልማን የተባለው ሊቅ በ1980 ባሳተመው የታሚል ቤተ መቅደሶችን ትውፊት በሚመረምር መጽሐፉ የእነዚህ ታሪኮች እምብርት ቦታው መሆኑን በሰፊው አሳይቷል።

የቲሩቫናማላይ ትውፊት ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ብራህማና ቪሽኑ የተባሉት አማልክት «የምበልጥ እኔ ነኝ» ተባብለው ሲከራከሩ፣ ሺቫ መጀመሪያና መጨረሻ በሌለው የእሳት ዓምድ ተመስሎ ታያቸው። ቪሽኑ የዱር እርያ ሆኖ ወደ ታች ቈፈረ፤ ብራህማ ወፍ ሆኖ ወደ ላይ በረረ፤ ከሁለቱ አንዱም የዓምዱን ዳርቻ አላገኘም። ያ የእሳት ዓምድ በርዶ ከከተማይቱ በላይ የሚታየው የአሩናቻላ ኮረብታ ሆነ ይላል ትውፊቱ። እንግዲህ አምላኩ ኮረብታው ራሱ ከሆነ፣ ተሳላሚው ወደ ቤተ መቅደሱ መግባት ብቻ አይበቃውም፤ ኮረብታውን መዞር ይገባዋል። ስለዚህ ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ሌሊት እጅግ ብዙ ሕዝብ በባዶ እግሩ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ይዞረዋል፤ በዓመት አንድ ጊዜም በኮረብታው ራስ ላይ ታላቅ እሳት ይነዳል። የጉዞውም የእሳቱም ምክንያት በታሪኩ ውስጥ ነው።

የራሜሽዋራም ትውፊት ደግሞ ይህን ነገር ከዚህ ይልቅ ያብራራል። ራማ ራቫናን ገድሎ በተመለሰ ጊዜ ለሺቫ ሊሰግድ ፈልጎ፣ ሐኑማንን የሺቫን ምልክት ከሰሜን ተራሮች እንዲያመጣ ላከው። ሐኑማን ስለ ዘገየ የራማ ሚስት ሲታ ከባሕር ዳር አሸዋ ምልክቱን አበጀችና አምልኮው ተፈጸመ። ሐኑማን ድንጋዩን ተሸክሞ ሲደርስ አዘነ፤ ራማም ሐዘኑን አይቶ «ሰው ሁሉ አስቀድሞ አንተ ላመጣኸው ይስገድ» ብሎ ፈረደ። ዛሬም በዚያ ቤተ መቅደስ አስቀድሞ የሚሰገደው ለሐኑማን ድንጋይ ነው፤ ለአሸዋው የሚሰገደው ቀጥሎ ነው። ታሪኩ በእውነት ሆነ ወይስ አልሆነም የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ የተሳላሚው እግር ግን በየቀኑ ለታሪኩ ይታዘዛል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት በሕንድ ብቻ የሚቀር አይደለም። ወደ ባሌ ሲመለሱ ሃይማኖቱ ሌላ፣ ቋንቋውም ሌላ ሆኖ፣ የነገሩ አሠራር ግን እጅግ የሚቀራረብ ሆኖ ይገኛል።

ስለ ሼኽ ሑሴን በታሪክ የሚታወቀው

ትውፊቱ «ኑር ሑሴን» እያለ የሚጠራቸው ሼኽ ሑሴን እስልምናን በባሌ ያስፋፉ መምህር ናቸው። ዘመናቸው በ12ኛው ወይም በ13ኛው መቶ ዓመት እንደ ነበረ ይነገራል። ባሌ ያን ጊዜ ከኢትዮጵያ የእስላም አገሮች አንዷ ነበረች፤ በ14ኛው መቶ ዓመት ለዐፄ ዐምደ ጽዮን ገበረች። በ16ኛው መቶ ዓመት በግራኝ አሕመድ ጦርነትና ቀጥሎ በመጣው በኦሮሞ መስፋፋት የአገሪቱ ሥርዓት ፈጽሞ ተለወጠ። አባ ባሕርይ በ1593 በጻፈው ታሪኩ የኦሮሞን ጉዞ ሲተርክ የሚጀምረው ከዚሁ ከባሌ ወሰን ነው። መንግሥታት ሲያልፉ የሼኹ መቃብር ግን አልተረሳም። ይልቁንም አዲሶቹ የአገሩ ባለቤቶች ኦሮሞዎች ቀስ በቀስ ተቀብለውት፣ የሼኹ ምስጋና ከሁሉ በላይ የሚሰማው በእነርሱ ቋንቋ ሆነ።

በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የሐረር አሚር የነበሩት ዐብደሽኩር በሥፍራው በሼኽ ዐብዱልቃድር ጅላኒ ስም ደሪሕ እንዳሠሩ ይነገራል። ዐብዱልቃድር በ1166 ባግዳድ ዐርፈው በዚያው የተቀበሩ ሰው ናቸው፤ በባሌ የሚገኘው ሕንጻ እንግዲህ ሥጋ የሌለበት የመታሰቢያ ቤት ነው። ይህም የቅዱስ ሥፍራን ጠባይ ያስረዳል። አንድ ቦታ አንድ ጊዜ ከተቀደሰ፣ የሩቁን ቅዱስ ሳይቀር ወደ ራሱ ይስባል።

አሜሪካዊው መንገደኛ አርተር ዶናልድሰን ስሚዝ በ1894 በሥፍራው አልፎ ያየውን በ1897 አሳተመ። የሼኹን ተአምራት የሚተርክ «ረቢዕ አል ቁሉብ» የተባለ የዓረብኛ መጽሐፍ በ1927 በካይሮ ታተመ። ከዚያ ወዲህ ኢጣሊያዊው ኤንሪኮ ቼሩሊ የዓረብኛውን ገድል መርምሯል፤ አንድዠየቭስኪ የተባለው የቋንቋ ሊቅ በ1970ዎቹ ዓመታት በኦሮምኛ የሚነገረውንና የሚዘመረውን አጥንቷል፤ ብራውኬምፐር ደግሞ በ2002 ባሳተመው ስለ ደቡብ ኢትዮጵያ የእስልምና ታሪክና ባህል በሚናገር መጽሐፉ ሥፍራውን በስፋት ገልጿል።

መንገዱና ትውፊቱ

ከሮቤ ወደ ምሥራቅ የተነሣ ተሳላሚ ከደጋው ወደ ቆላው ሲወርድ ከዌብ ወንዝ ጋራ ይገናኛል። ዌብ ከባሌ ተራሮች የሚመነጭ ወንዝ ነው፤ በቆላው የኖራ ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ ገብቶ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ፈልፍሏል። በ1972 የእንግሊዝ የዋሻ መርማሪዎች ከለኩት በኋላ 15.1 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው፣ በኢትዮጵያ ከሚታወቁት ዋሻዎች ሁሉ ረዥሙ መሆኑ ተረጋገጠ። ውሃው የጠረባቸው ታላላቅ ዓምዶች ጣራውን ተሸክመው ቆመዋል፤ ሰው ያነጸው አዳራሽ ይመስላል። ትውፊቱም ይህን ምሳሌ ወደ ተግባር ይለውጠዋል፤ ሼኽ ሶፍ ዑመር ከደቀ መዛሙርቶቻቸው ጋራ በዚህ ተጠግተው ይጸልዩና ያስተምሩ ነበር፣ ዋሻውም መስጊዳቸው ነበር ይላል። ስለዚህ ተሳላሚው በዋሻው ሲያልፍ የሚያልፈው በመስጊድ ውስጥ ነው፤ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ይጸልያል። የምድር ተመራማሪው «ውሃ የቀረጸው ዓምድ» የሚለውን ተሳላሚው «የጸሎት ቤት ምሰሶ» ይለዋል።

ከሶፍ ዑመር ወደ ድሬ ሼኽ ሑሴን የሚደርሱት ሰዎች በአገሩ አጠራር «ጋሪባ» ይባላሉ። ከባሌና ከአርሲ፣ ከሐረርጌ፣ ከወሎና ከሶማሌ አገር ይመጣሉ፤ ትልቁ ጉባኤ በዓረፋ በዓል የሚደረገው ነው። ይህ ጊዜ የመካ ሐጅ የሚፈጸምበት መሆኑ በአጋጣሚ የሆነ ነገር አይደለም፤ ወደ መካ ለመሄድ ዐቅም ያጠረው ድኻ የሼኹን ሥፍራ መሳለም ምትክ ይሆንልኛል ብሎ ያምናል። ጋሪባ በእጁ «ኡሌ» የሚባል ጫፉ መንታ የሆነ በትር ይይዛል። ይህ በትር ለጠብ አይነሣም፤ የሰላም መንገደኛ መሆንን ያስታውቃል። በየመንደሩ ሲደርስም ሕዝቡ በትሩን አይቶ ማንነቱን ያውቃል፤ ምግብና ማደሪያ ይሰጠዋል።

በሌሊት «ባሕሮ» የተባለው የምስጋና መዝሙር ይዘመራል። አንዱ መሪ የሼኹን ተአምር በግጥም እያነሣ ያወጣል፤ ሕዝቡ ይቀበላል። ሙት ስለ ማስነሣታቸው፣ ሕመምተኛ ስለ መፈወሳቸው፣ ልጅ ላጣች ሴት ልጅ ስለ ማሰጠታቸው ይነገራል። እዚህ ላይ ልብ ማለት ይገባል፤ የሚዘመረው ተአምርና ጋሪባ ከቤቱ ይዞት የመጣው ልመና አንድ ዓይነት ናቸው። መካኒቱ ልጅ ፍለጋ መጥታለች፤ በዚያ ሌሊት የምትሰማው ከእርስዋ አስቀድሞ ስለ መጣች ስለ ሌላ መካን ነው። ትውፊቱ ያለፈውን ጊዜ ብቻ አይተርክም፤ በጉባኤው ውስጥ ለተቀመጠ ለእያንዳንዱ ሰው ቦታ ያዘጋጅለታል።

በነጋ ጊዜ የሼኹ መቃብር ይጐበኛል። ተሳላሚው ወደ ውስጥ የሚገባው በዝቅተኛ በር ነው፤ ቀና ብሎ መግባት ስለማይቻል ባለጠጋውም ድኻውም እኩል ይጐነበሳሉ። «ጀዋራ» የተባለውን የሥፍራውን አፈር ከፊሉን ይቀምሱታል፤ ከፊሉን በግንባራቸው ይቀባሉ፤ የቀረውን ቋጥረው በቤት ለቀሩት ሕሙማን ይወስዳሉ። የውሃ ኩሬዎች፣ ዋሻዎችና ድንጋዮችም እያንዳንዳቸው ታሪክ አላቸው። ይህን ሁሉ የሚያሳዩትና የሚተርኩት «ደርጋ» የሚባሉት የሥፍራው አገልጋዮች ናቸው። በራሜሽዋራም እንደ ታየው ሁሉ፣ ታሪኩ ካልተነገረ ተሳላሚው እግሩን ወዴት እንደሚያነሣ አያውቅም።

ከትውፊቱ በታች ያለው ትውፊት

አሁን ወደ ደቡቡ አቅጣጫ፣ ወደ ሃረና ማዶ መመለስ ያስፈልጋል። ከብዙ የኦሮሞ ነገዶች የሚላኩት «ጂላ» የተባሉ መልክተኞች በደሎና በመደ ወላቡ ወገን ወደነበረው ወደ አባ ሙዳ ይሄዱ ነበር። «ሙዳ» መቀባት ማለት ነው፤ መልክተኞቹ በቅቤ ይቀቡና ምርቃት ይቀበሉ ነበር። ስለ እነርሱ የተጻፈው ምስክርነት አንድ ዓይነት ሥዕል ይሰጣል። ጠጕራቸውን ያሳድጋሉ፤ የጦር መሣሪያ አይዙም፣ በትር ብቻ ይይዛሉ፤ በጠላት አገር እንኳ ሲያልፉ የሚነካቸው የለም፤ ሕዝቡ እያስተናገደ ያሳልፋቸዋል፤ ሲመለሱም «ቁምቢ» የተባለውን ከርቤ ለወገኖቻቸው ያመጣሉ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ገደማ ይህን ጉዞ ከለከሉ።

ሁለቱን ጎን ለጎን ለሚያያቸው ሰው ተመሳሳይነታቸው ግልጽ ነው። በዚያም በዚህም ለጠብ የማይሆን በትር አለ፤ በዚያም በዚህም መንገደኛውን ማስተናገድ ግዴታ ነው፤ ከዚያ ከርቤ ይመጣ ነበር፣ ከዚህ አፈር ይመጣል። ከሁሉ ይልቅ ቃሉ ራሱ ይመሰክራል፤ በባሌ ብዙ ሰዎች ወደ ሼኽ ሑሴን የሚደረገውን ጉዞ ዛሬም «ሙዳ» ይሉታል።

ይህን ተመሳሳይነት በሁለት ወገን መተርጐም ይቻላል። አንደኛው ወገን፣ እስልምና ላይ ላዩን የተቀባ ቀለም ነው፣ ከሥሩ ያለው አሮጌው ሃይማኖት ነው ይላል። ይህ ትርጓሜ ለተሳላሚው ፍትሕ አያደርግም፤ ጋሪባ ይጾማል፣ ይሰግዳል፣ ራሱንም እስላም ብሎ ያውቃል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ተመሳሳይነቱ የአጋጣሚ ነው ይላል፤ በዓለም ሁሉ ያሉ መንገደኞች በትር ይይዛሉና። ይህም የ«ሙዳ»ን ቃል ሳያስረዳ ያልፋል። ከሁለቱ የተሻለው አስተያየት ከላይ ከተገኘው ትምህርት ይወጣል። ትውፊት የጉዞ ሥርዓት ከሆነ ዘንድ፣ ሥርዓቱ ከአንዱ ቅዱስ ወደ ሌላው ሊተላለፍ ይችላል። ወደ እስልምና የገባው ኦሮሞ ወደ ማን እንደሚሄድና ምን ብሎ እንደሚጸልይ ተለውጦበታል፤ እንዴት እንደሚሄድ ግን ከአባቶቹ የተማረውን ይዞ ሄዷል። ያደረገውም አሮጌውን በአዲሱ ስም መሸፈን አልነበረም፤ የሚያውቀውን አካሄድ ለአዲሱ እምነቱ አገልጋይ ማድረግ ነበር።

እንዲህ ያለው ሥርዓት የሃይማኖትን ወሰን ሲሻገርም ይታያል። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሲቲ ሞሚና የተባሉት የወሎ ሴት በአርሲ ፈረቀሳ በተከሉት ሥፍራ እስላሞችም ክርስቲያኖችም ተሰብስበዋል። በደቡብ ሕንድ ባሕር ዳር በናጎር የሚገኘው የ16ኛው መቶ ዓመት የእስላም ቅዱስ የሻሁል ሐሚድ መቃብርም እንዲሁ ነው፤ ሂንዱዎች ይሳለሙታል፣ ከአምስቱ ማማዎቹም ረዥሙን በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት የታንጃቩር ሂንዱ ንጉሥ ፕራታፕ ሲንግ ናቸው።

የዛሬው ክርክር

ይህ ሁሉ ያለ ተቃዋሚ የኖረ አይደለም። ቴርየ ኦስተቦ የተባለው ኖርዌጃዊ በ2012 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ መረመረው፣ ከ1960ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ወዲህ በሳዑዲ ዓረቢያ ተምረው የተመለሱ ሰዎች በባሌ የሼኽ ሑሴንን ጉዞ አጥብቀው ነቀፉ። ክርክራቸው ቀላል ተደርጎ መታየት የለበትም። ልመና ለአንድ አምላክ ብቻ ይገባል፤ በሙት መማለድ፣ አፈር መቅመስና መቃብርን መዞር በቍርኣን መሠረት የላቸውም ይላሉ። ተሳላሚዎቹ ደግሞ «እኛ የምናመልከው ፈጣሪን ነው፤ ሼኹ የፈጣሪ ወዳጅ ናቸው» ብለው ይመልሳሉ። በአንድ ቤት አባት ወደ ድሬ ሲሄድ ልጅ በሮቤ መስጊድ ይህን የሚነቅፍ ትምህርት ይሰማል። ማን ትክክል እንደ ሆነ መፍረድ የሃይማኖት ሊቃውንት ድርሻ ነው፤ የባህል ተመራማሪ ድርሻ ግን ክርክሩ ከምን ላይ እንደሚያርፍ ማሳየት ነው። የሚከራከሩት ስለ አንድ መቃብር ብቻ አይደለም። ቅድስና በቦታ ይኖራል ወይስ አይኖርም? የሚለው ነው ጥያቄው። ለተሳላሚው አፈሩ ይናገራል፤ ለነቃፊው አፈር አፈር ነው።

በሌላ ወገን መንግሥት ሥፍራዎቹን ለዓለም ለማስታወቅ ይጥራል። ድሬ ሼኽ ሑሴንና የሶፍ ዑመር ዋሻ በ2011 በዩኔስኮ የዕጩ ቅርሶች ዝርዝር ገብተዋል። ሳነቴንና ሃረናን የያዘው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የተመዘገበው ግን ስለ ተፈጥሮ ውበቱና ስለ እንስሳቱና ዕፀዋቱ ብዛት ነው። ይህ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን መዝገብ የሚያቅፈው ግንብን፣ ዋሻንና ጫካን ነው። ግንቡ ተጠግኖ፣ ዋሻው በብርሃን ታይቶ፣ የትኛው ድንጋይ አስቀድሞ እንደሚሰለም የሚያውቅ ደርጋ ቢጠፋ፣ የሚቀረው ሕንጻና የተፈጥሮ ትርኢት ብቻ ይሆናል። የደቡቡ መንገድ ይህን አስቀድሞ አሳይቷል። የሃረና ጫካና የደሎ ቆላ እንደ ነበሩ አሉ፤ ጂላዎች በየምዕራፉ ይሉት የነበረው ግን አብዛኛው ከባለቤቶቹ ጋራ ተቀብሯል።

ስለዚህ በሰሜን ምሥራቁ መንገድ ገና የሚሠራ ሥራ አለ። ባሕሮ ሲቀዳ በየትኛው ሌሊት፣ በየትኛው ደጃፍ፣ በማን መሪነት እንደ ተዘመረ አብሮ ይጻፍ። ትውፊት ሲመዘገብ ከተነገረበት ኩሬና ድንጋይ ጋራ ይመዝገብ። ነቃፊዎቹ የሚሉትም እንደዚሁ ይጻፍ፤ ወደ ፊት የሥፍራውን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ያለ እነርሱ ቃል የዘመኑን ባሌ ሊያውቅ አይችልምና። ጋሪባ ከድሬ ወደ ቤቱ ሲመለስ በቋጠሮው አፈር ይዞ ይሄዳል። ያ አፈር ለቤተ ሰቡ መድኀኒት የሚሆነው ከየት እንደ መጣና ለምን እንደ ተቀደሰ አብሮት ሲነገር ነው፤ ተመራማሪም ከዚያው መንገድ ሲመለስ ቋጠሮውን ከነቃሉ ሊያመጣ ይገባዋል።